በዱላ የተገኘ እውነት

ልጅን ስለ መቅጣት በመኝታ ቤታችንም ሆነ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ጉባኤው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እኛም ተገርፈን ነው ለዚህ የበቃነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ይህ የድሮ ልማድ ነው፤ የተማረ ሰው ልጁን አይመታም» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የክፍል ሰዓት ይደርሳል፤ አንዱም ሌላውን ሳያሳምን ሁሉም ደብተሩን ይዞ ይበተናል።

እኔ እስካለፈው ክረምት ድረስ የሁለተኛው ወገን ጠበቃ ነበርሁ። ጠበቃ የነበርሁት ግን በአፌ ብቻ ነው። እጄ ያለው ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት ለዕረፍት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። ይህን አሳብ ለማቅረብ ያነሣሣኝም ያ ነገር ስለ ሆነ፥ አንባቢ ታሪኩን በትዕግሥት እንዲሰማኝ እለምናለሁ። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም።

ተወልጄ ያደግሁት ሐራ ነው። ሐራ በሰሜን ወሎ፥ ከወልድያና ከመርሳ ብዙ የማትርቅ የማሽላ አገር ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ከመቀሌው መስመር ጋር ሐራ ገበያ ላይ እንዲገናኝ ስለ ታቀደ፥ ስሟን በጋዜጣ ያነበበ አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቤታችን አባቴ አምስቱን ወቅት ሰላት ያደርሳሉ፤ የእናቴ እናት ደግሞ ፍልሰታን ይጾማሉ። ወሎ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር ስላልሆነ አላብራራውም። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት አድሮ ጠዋት አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል።

በነሐሴ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ የዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሜን ሁለት መቶ ብር አስይዛ ሳሙናና ሻይ ቅጠል ገዝቶ እንዲመጣ ሱቅ ላከችው። ሲመለስ መልሱ ሲቆጠር አምሳ ብር ጎደለ። «የት አደረስኸው?» አልሁት። «ባለሱቁ የሰጡኝ ይኸው ነው» አለኝ። ባለሱቁ በከተማው በሙሉ የታወቁ እውነተኛ ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ ወዲያው ፈረድሁ። «ሌብነቱ ሳያንስህ ሽማግሌ ሰው ላይ ትዋሻለህ?» ብዬ ቀበቶዬን ፈታሁ።

ሦስት ጊዜ «እሳቸው የሰጡኝ ነው» አለ። ሦስት ጊዜም መታሁት። በአራተኛው «ብስኩት ገዝቼ በላሁበት» አለ። «ብቻህን?» ስለው የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠራ። እኔም እጁን ይዤ ጎረቤት ሄድሁና ለልጁ እናት ነገሩን ነገርኋቸው። እሳቸውም ልጃቸውን ጠርተው ገረፉት። ወደ ቤት ስመለስ አንድ ሥራ የሠራሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ወንድሜ ስህተቱን አምኗል፤ ግብረ በላው ተይዟል፤ ቤተ ሰቡም ከሌባ ልጅ ድኗል። ሻዬንም በደስታ ጠጣሁ።

በማግሥቱ ማታ፥ ከመግሪብ በኋላ፥ ባለሱቁ በበትራቸው ተደግፈው ደጃችን ቆሙ። «አሰላሙ ዐለይኩም፤ የናንተ ብር እኔ ዘንድ ቀርቶ አላስተኛ አለኝ» አሉ። ትናንት ለልጁ መልስ ሲቆጥሩ ሌላ ደንበኛ ጠርቷቸው ኖሮ አምሳ ብሯን ሚዛኑ ሥር አድርገው ረስተዋታል። ሒሳብ ሲተሳሰቡ አገኟት። አባቴ ተነሥተው «ምነው በጨለማ፥ ነገ በልጅ ቢልኩት» ቢሏቸው፥ «ያደረ ሐቅ ይከብዳል» ብለው ብሩን በእጃቸው ሰጥተው ሄዱ።

ወንድሜ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም። ትንሽ ቆይቼ «ታዲያ ለምን በላሁበት አልኸኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እውነቱን ስነግርህ አልቆም አልህ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤት ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ የልጁ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይ ጉድ! የኔውም ልጅ እኮ አዎ በልቻለሁ ብሎ አምኖልኛል!» አሉ። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን አስተውል። ብስኩት አልተገዛም። ያልተገዛውን ብስኩት ግን ሁለት ሕፃናት በልተነዋል ብለው አመኑ። ከዚህ የሚበልጥ የዱላ ምስክርነት አላገኘሁም።

ዱላ ሁልጊዜ እውነትን ያወጣል ሲባል እንሰማለን። የእኔ ዱላ ያወጣው ግን እውነትን አልነበረም። እውነቱ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ዱላው ያን እውነት ወደ ውስጥ መለሰውና በቦታው እኔ ልሰማው የፈለግሁትን ውሸት አወጣልኝ። ልጁ በዚያች ሩብ ሰዓት የተማረው ሌብነት መጥፎ መሆኑን አይደለም፤ አልሰረቀምና። የተማረው ጉልበት ያለው ሰው የሚፈልገውን ቃል ፈልጎ መስጠት ነው። ይህን ትምህርት ደግሞ ወንድሙ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፥ በነጻ አስተማረው።

ይህ እኔ ዛሬ ያገኘሁት ፍልስፍና አይደለም። ኢብን ኸልዱን የሚባለው የቱኒስ ተወላጅ የታሪክ ሊቅ ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1377 ባዘጋጀው «ሙቀዲማ» በሚባለው መጽሐፉ፥ በተማሪ ላይ ጭከና ማብዛት እንዴት እንደሚጎዳ ለብቻው ክፍል ከፍሎ ጽፏል። የአሳቡ ፍሬ ይህ ነው፤ በኀይል ያደገ ልጅ ልቡ ይጠብበታል፤ ሐሞቱ ይፈስሳል፤ እጅ እንዳይነሣበት ፈርቶ በልቡ የሌለውን በአፉ መናገር ይለምዳል፤ ልማዱም ሰንብቶ ጠባይ ይሆንበታል። ይህን ሳነብ ሊቁ ወንድሜን ያየው መሰለኝ።

በክርስትናው በኩል ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ አባት ነው። ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን አባት ልጁን ዘወትር በመምታት እንዳያለምደው ይመክራል። ዱላ የለመደ ልጅ ዱላን መናቅ ይማራልና፥ ማስፈራቱ ይብቃ፥ ምቱ ግን አይዘውተር ይላል። ኢማም አል ገዛሊም «ኢሕያእ» በተባለው መጽሐፋቸው ልጅ በወላጆቹ እጅ የተቀመጠ አማና መሆኑን ያስተምራሉ፤ ተግሣጽ ሲበዛ ልጁ ነቀፌታን መስማት ይለምድና ቃል በልቡ ዋጋ ያጣል ይላሉ። ሁለቱ አባቶች በሃይማኖት የተለያዩ፥ በዘመንም ሰባት መቶ ዓመት ያህል የሚራራቁ ናቸው። በልጅ ነገር ግን ቃላቸው ተቀራራቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ብድግ ብሎ «ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ በትር የሚሉትን ለምን ዘለልኸው?» ቢለኝ እውነት አለው። አልዘለውም። የሰሎሞን ምሳሌ በትርን ከልጁ የሚያርቅ አባትን ይነቅፋል። በእስልምናም ልጅ በሰባት ዓመቱ ሰላት እንዲታዘዝ፥ በዐሥር ዓመቱ እንቢ ቢል እንዲመታ የሚል ሐዲስ አለ። እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ ይህን ለመተርጐም ወንበርም የለኝም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አንደኛ፥ እነዚሁ መጻሕፍት በትሩን ብቻ አልተናገሩም። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ አዝዟል። ወንጌልም ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ሲያባርሩ ጌታ እንደ ተቈጣቸውና ሕፃናቱን እንዳቀፈ ይነግረናል። ነቢዩንም ዐሥር ዓመት ያገለገለው አነስ፥ በዚያ ሁሉ ጊዜ የቍጣ ቃል እንኳ እንዳልሰማ መስክሯል። የሕግ ሊቃውንቱም ፊት እንዳይመታ፥ ምልክት እንዳይወጣ ብለው አጥረውታል። በእኛ አገር ግን ከመጽሐፉ ውስጥ በትሯን ብቻ መርጠን፥ አጥሩን ጥለነዋል። በርበሬ ማጠንን፥ በጠጠር ላይ ማንበርከክን፥ በአለንጋ ማቍሰልን ያዘዘ የትኛው መጽሐፍ ነው?

ሁለተኛ፥ አባት «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ነው የምገርፍህ» ሲል በእርግጥ ስለ እግዚአብሔር ነውን? እኔ ቀበቶዬን ስፈታ ስለ ሃይማኖት አላሰብሁም። ያሰብሁት ስለ ክብሬ ነው። ከተማ ተምሬ የመጣሁ ታላቅ ወንድም በዘጠኝ ዓመት ልጅ ልታለል አልወደድሁም። ከቍጣዬ በኋላ ግን «ሌብነት ኀጢአት ስለ ሆነ» የሚል ልብስ አለበስሁት። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን ብዬ እገምታለሁ። የሥራ ቍጣ፥ የገበያ ኪሳራ፥ የሚስትና የባል ጠብ በልጁ ጀርባ ላይ ይወርድና ስሙ «ተግሣጽ» ይባላል።

ከዱላው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ልጁን «እሳት ይበላሃል»፥ «አላህ ያነድድሃል»፥ «ማርያም ትቀሥፍሃለች» እያልን እናስፈራራዋለን። እንጀራ ሲጥልም፥ ሲሮጥም፥ እንግዳ ፊት ሲናገርም ቃሉ ያው ነው። በዚህ ዓይነት ልጁ ፈጣሪን የሚያውቀው ከአባቱ ዱላ የሚረዝም ዱላ እንደ ያዘ አንድ ታላቅ ገራፊ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ሲያድግ ምን ይሆናል? የአባቱ ዱላ በማይደርስበት ቦታ አባቱን እንደማይፈራ ሁሉ፥ ኀጢአት ሠርቶ መብረቅ ሳይወርድበት በቀረ ማግሥት ፈጣሪንም መፍራት ይተዋል። የሚቀረው መታየትን መፍራት ብቻ ነው።

ባለሱቁን እናስብ። አምሳ ብሯን ያየ ሰው አልነበረም። ልጁ ቆጥሮ አልጠየቀም፤ እኛም አልተጠራጠርናቸውም፤ እንዲያውም ለስማቸው ብለን ልጅ ገርፈናል። እሳቸው ዝም ቢሉ የሚከስሳቸው አልነበረም። እኒያ ሽማግሌ በጨለማ ደጃችንን ያንኳኩት ሊገርፋቸው የሚችል ሰው ስለ ነበረ ሳይሆን ሐቁ ስለ ከበዳቸው ነው። ሃይማኖት በሰው ውስጥ ሲሠራ ያየሁት በዚያች ማታ ነው። በእኔ ቀበቶ ውስጥ አልነበረም፤ በሽማግሌው በትርና በአምሳ ብሯ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን፥ ወደ ተማሪዎቹ ልመለስ። «ተገርፈን ነው ለዚህ የበቃነው» ለሚለው ወገን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የበቃነው ለምንድር ነው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ፥ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጓጕዘው እንዲፈተኑ የተደረገው ለምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፈተናው ሲሰረቅ፥ መልሱ በስልክ ሲበተን፥ ፈታኙ ራሱ ሲያስኮርጅ ዓመታት ስላለፉ ነው። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ የመምህርና የመጽሐፍ ችግር፥ ጦርነቱም ጭምር። የወደቀው ሁሉ ኰራጅ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ነገር ግን ጠባቂ ሲጠብቅና ጠባቂ ሲጠፋ የሁለት አገር ሰዎች መስለን መታየታችን የሚካድ አይደለም። ያ ትውልድ ደግሞ ሳይገረፍ ያደገ ትውልድ አይደለም። በቤትም፥ በፊደል ቤትም፥ በቍርኣን ቤትም፥ በትምህርት ቤትም ተገርፏል። ዱላ ታማኝ ሰው የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፥ የእኛ ፈተና ያለ ፈታኝ በተሰጠ ነበር።

«ይህ ከፈረንጅ የመጣ አሳብ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በቤትም ውስጥ ሳይቀር ልጅ መምታትን በሕግ በመከልከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ስዊድን ቀዳሚ ሆናለች። ነገር ግን ኬንያና ቱኒዚያም በ2010 ከልክለዋል፤ በደቡብ አፍሪካም የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2019 ወላጅን ይጠብቅ የነበረውን የቅጣት መከላከያ ሽሮታል። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም እዚሁ አዲስ አበባ በ1982 ዓ.ም. ሲጸድቅ፥ የቤት ውስጥ ተግሣጽ ርኅራኄና የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

የአገራችንንም ሕግ እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፍርድ ቤት ወጣት ጥፋተኛን በአርጩሜ እንዲያስገርፍ ይፈቅድ ነበር፤ ነገር ግን ከ12 ግርፋት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ያ ሕግ ዛሬ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለ ቤት ግን አልተናገረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሕፃንን ማንገላታትን ሲቀጣ፥ ለትክክለኛ አስተዳደግ ተብሎ የሚደረገውን ሕጋዊና ተገቢ ተግሣጽ ከቅጣቱ ውጭ አድርጎታል። «ተገቢ» የሚለው ቃል ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን በየቤቱ የሚለካው በቍጣችን ቁመት ነው።

በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ሌላ ነገር አለ። የተያዘ ሰው በግዴታ እንዲያምን አይደረግም፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት አይቀርብም ይላል። ይህ የተጻፈው ለነፍሰ ገዳዩም፥ ለወንበዴውም፥ ለሁሉም ነው። በሕግ ፊት ለወንበዴ የተከለከለውን እኔ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አደረግሁት፤ ያገኘሁትንም ቃል እንደ ማስረጃ ይዤ ጎረቤት ሄድሁ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ወሎየ ሆኜ ይህን ማድረጌ ነው። በእኛ አገር ሰው ተገዳድሎ ደም ሲፈላ የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ። ነገሩን ያጣራሉ፤ የበዳዩንም የተበዳዩንም ወገን ቃል ይሰማሉ፤ ጥፋት የሠራው እንዲያምን፥ እንዲክስ፥ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያደርጋሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየጸሎቱ ፈጣሪውን እየጠራ ዕርቁን ያጸናል። ሥራው ቀን ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜም ወር ይፈጃል። ማንም ሰው «ቶሎ ይለቅ፥ አለንጋ አምጡ» አይልም። እንግዲህ ለነፍሰ ገዳይ ይህን ያህል ትዕግሥት ካለን፥ ስኒ ለሰበረ ሕፃን አምስት ደቂቃ እንዴት እናጣለን? ሰው ለገደለው ጥላ ሥር ተቀምጠን «እስቲ ነገሩ እንዴት ነበር?» እንላለን፤ ሕፃኑን ግን ሳንጠይቅ እንመታለን፤ ከመታን በኋላም «ለምን አደረግኸው?» እንለዋለን።

«ታዲያ ልጅ እንዳሻው ይሁን? ባለጌ ይውጣ?» ለሚል ሰው መልሴ አይደለም ነው። ልጅ ሊታረም ይገባዋል። ልጁ በእውነት ሰርቆ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት አይገባኝም ነበር። ነገር ግን መታረም ማለት መመታት ብቻ አይደለም። በበኩሌ አራት ነገሮችን አስቤአለሁ፤ አዲስ ግኝት አይደሉም፤ ሽማግሌዎቻችን ለትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉትን ለሕፃናትም ማድረግ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅና መስማት። እኔ ያን ዕለት ሱቁ ድረስ ብሄድ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም ነበር። ሰነፍሁ፤ ቀበቶዬ ቅርብ ነበረች። ሁለተኛ ስሕተትን ከጥፋት መለየት። ስኒ የወደቀበት ልጅና ስኒ የወረወረ ልጅ አንድ አይደሉም፤ ዱላ ግን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሦስተኛ መካስ። የጎረቤት ማሽላ በፍየሉ ያስበላ ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አንድ ቀን ወፍ ይጠብቅላቸው። ይህ ከግርፋት ይልቅ በልቡ ይቀመጣል፤ ምን እንዳጠፋና ማንን እንደ በደለ ያይበታልና። አራተኛውም ዋናውም፥ እኛ ራሳችን እውነት መናገር ነው። ባለዕዳ ሲመጣ «አባባ የለም በለው» ብሎ ልጁን በር ላይ የሚልክ አባት በማታው ስለ ውሸት ቢገርፈው፥ ልጁ የሚማረው ውሸት በትእዛዝ ሲሆን እንደሚፈቀድ ነው።

ይህን ለማለት ጊዜው አሁን የሆነበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ይዞ በነበረ ጊዜ፥ የእኛ አገር ሕፃናት ብዙ ነገር አይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ክልላችን ሌላ ግጭት ገጥሞታል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲናገር ያልያዘው ዝም እንደሚል ማንም ሳያስተምራቸው ተምረዋል። ወንድሜ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር፤ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ግን ዛሬም ከአያቴ ቀሚስ ሥር ይገባል። ከውጭ ጉልበት ያለው ሁሉ እውነተኛ መስሎ በሚታይበት ዘመን፥ ቤት እንኳ ደካማው ቃሉ የሚሰማበት ቦታ ካልሆነ፥ ልጁ ፍርድ የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ይማራል? ነገ በእጁ ጉልበት ሲገባ እሱስ ምን ያደርግበታል?

የታሪኩ መጨረሻ ቀርቶብኛል። ባለሱቁ ከሄዱ በኋላ አያቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። «ምን ላድርግ እምዬ፥ ያለፈ ነገር ነው» አልሁ። «ለትልቅ ሰው ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?» አሉ። «ይቅርታ እጠይቅ ነበር።» «እሱ ሰው አይደለም?» አሉኝና ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

በእኛ ልማድ ታላቅ ለታናሽ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ክብር ይቀንሳል ይባላል። እኔም በጣም ከበደኝ፤ ከመታሁት ይልቅ ይህ ከበደኝ። ሆኖም በአባቴና በእናቴ ፊት «ወንድሜ፥ አንተ እውነት ተናግረሃል፤ የበደልሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ምን እንደሚመልስ ግራ ገባውና አባቴን አየ። አባቴ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ በቀስታ «አብሽር» አለኝ። ትልልቆቹ እኔን ሲያጽናኑ የሚሉትን ቃል እሱ ለእኔ አለኝ።

ወደ ትምህርት ቤት ከመመለሴ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ወንድሜ እየሮጠ መጣና «የሻይ ብርጭቆ ሰበርሁ» አለኝ። ማንም አላየውም ነበር፤ ስብርባሪውንም በእጁ ይዞታል። ይህን የመሰለ ነገር በዱላ አግኝቼ አላውቅም። ብርጭቆዋ ግን የእናቴ ስለ ነበረች፥ አብረን ገበያ ወርደን በእሱ የዒድ ብር ሌላ ገዛን። ሻጩ መልሱን ሲሰጠው ቆመና ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእኛ ብዙዎቹ ነገ አስተማሪዎች፥ ዳኞች፥ ሐኪሞች፥ ሁላችንም ለማለት ይቻላል አባቶችና እናቶች እንሆናለን። ስለ ፍትሕና ስለ ነጻነት በየስብሰባው እንናገራለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፥ ከእኛ በታች አንድ ሕፃን ቆሞ «እሳቸው የሰጡኝ ይኸው ነው» ሲለን ምን እንደምናደርግ አስቀድመን ብናስብበት ይሻላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እውነቱ እስኪጠራ ድረስ የልጁ ጀርባ መክፈል የለበትም።

ይህ የግል አስተያየቴ ነው። የሚቃወመኝ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍብኝ፤ በደስታ አነባለሁ። ነገር ግን ከመጻፉ በፊት የመጨረሻ ጊዜ የመታውን ልጅ ጠርቶ «ያን ዕለት የነገርኸኝ እውነት ነበር?» ብሎ እንዲጠይቀው አደራ እላለሁ።